ጃንጥላዬና የበሶው ስፌት

ውድ ማርያማዊት፣

ይህን ደብዳቤ እኔ አጎትሽ የምጽፍልሽ ስለ ጃንጥላዬ ነው።

ባለፈው መስከረም ወደ ጅማ ስትመለሺ ከበሩ ኋላ ካለው ሚስማር ላይ አውርደሽ ይዘሻት የሄድሽው ጃንጥላ፤ እጀታዋ እንጨት የሆነው፣ የተሰበረ ዘንጓን በመኪና ወንበር ክር ጠምጥሜ ያዳንኳት። አልጠየቅሽኝም። ደውዬ ስከስሽ «ጅማ ዝናቡ አይጣል ነው፣ ጋሼ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኛ ሰፈር የሚዘንበው ቆሎ ይመስልሻል? ሰኔ ከገባ ወዲህ እስከ አየር ጤና ያለውን ጭቃ እየዘለልኩ ጋራዥ የምደርሰው ዝናብ የመታው ዶሮ መስዬ ነው። ደንበኞቼ የተቀደደ ወንበራቸውን ሊያሰፉ ይመጡና መጀመሪያ የሚያዝኑት ለእኔ ነው። እኔም አጋጣሚውን አላሳልፍም፤ የላም ሐኪም ትሆናለች ብለን የላክናት ልጅ የጃንጥላ ሌባ ሆና ቀረች እያልኩ ስምሽን እስከ ጦር ኃይሎች አድርሼዋለሁ።

ነገሩ ድሮም ያስታውቅ ነበር። ልጅ ሆነሽ በሬን ስታንኳኪ «ማነው?» እልሻለሁ፣ «ሌባ» ትያለሽ። «ሌባ በር ያንኳኳል?» ስልሽ «የተማረ ሌባ ነኝ» ትያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ በኋላም ለእረፍት በመጣሽ ቁጥር ሻንጣሽን በር ላይ አስቀምጠሽ ይህንኑ ሳትይ ገብተሽ አታውቂም። እናትሽ «አሁንም አላደጋችሁም» እያለች ከጓዳ ትስቅ ነበር።

ስለዚህች ጃንጥላ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ታውቂኛለሽ፣ ወሬ አያልቅብኝም። ግን እዚህ ስደርስ እጄ ቆመ። ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ መጥቼ ተቀመጥኩ።

እሑድ ከሰዓት ነው። ጎረቤታችን እማማ የሺእመቤት ሰሞኑን ከዚህ ቤት አይጠፉም፤ ዛሬ ግን እድር ስብሰባ ሄደዋል። ብቻዬን ነኝ። የሚከለክለኝ ሰው ሳይመለስ ይህን መጨረስ አለብኝ። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ለሹፌሩ ለቢቂላ እሰጠዋለሁ፤ በሶሽን እንደሚያደርስልሽ ይህንንም ጅማ ለዶርም ጓደኛሽ ለዱሬቲ ያደርስልኛል። ማክሰኞ የመጨረሻ ፈተናሽን ተፈትነሽ ስትወጪ እሷ ትሰጥሻለች። ስለዚህ ይህን የምታነቢው ፈተናው አልቆ ነው። ቢያንስ እሱን አልቀማሁሽም።

የመጀመሪያ ጊዜ ስትሄጂ ትዝ ይልሻል? ከጦር ኃይሎችና ከመርካቶ ሌላ አገር የማታውቂ ልጅ፣ ከሰበታ ጀምሮ በየከተማው እየደወልሽ ሪፖርት ታቀርቢልን ነበር። ቱሉ ቦሎ ስትደርሺ መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ አውቶቡሱን እንደ ዘመዱ እንደሚያየው ነገርሽን። ወልቂጤ ላይ ስለ ምሳው አማረርሽ። ከዚያ ጠፋሽ። እናትሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ደጅ ቆመች፤ እኔ ደግሞ የግቤ በረሃ ዝንጀሮ አግብታ ቀረች ማለት ነው እያልኩ አናደድኳት። ማታ ጅማ ገብተሽ ስትደውዪ ስለ ግቢው አንድ ቃል አልተናገርሽም፣ ያወራሽው ስለ ግቤ ነበር። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጆሮሽ እንደተደፈነ፣ አየሩ እየሞቀ ሲመጣ ተሳፋሪው ሹራቡን ተራ በተራ እንዳወለቀ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ስትወጡ ደግሞ ሁሉም መልሶ እንደለበሰ። «ጋሼ፣ አገሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሆኖ የሚወጣ ይመስላል» አልሽኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከመንገድ አንድ ነገር ይዘሽልኝ ትመጪ ነበር። አንድ ጊዜ ምን አልሽኝ መሰለሽ፤ ኮልፌ ስትሆኚ የአስካለ ልጅ ነሽ፣ ግቢ ስትሆኚ የመታወቂያ ቁጥር ነሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ ግን ማንም አይደለሽም፣ እሱ ደስ ይልሻል። እናትሽ ይህን ስነግራት ተቀየመች። «ምን ማለቷ ነው፣ ማንም አይደለሁም ማለት?» አለች። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፤ ግን ገብቶኝ ነበር።

እኔ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁ፣ ንባቤንም ያጠናከርኩት ከአሮጌ ወንበር ሆድ ውስጥ የማወጣውን ጋዜጣ እያነበብኩ የሆነ ሰው፣ በአንቺ ስልክ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዶርማችሁን ሳላየው አውቀዋለሁ። ዱሬቲ ከላይኛው አልጋ እግሯን አንጠልጥላ ኦሮምኛ ስታስተምርሽ፣ የጅማ ላሞች በአማርኛ ሲያዟቸው አንሰማም ስላሉሽ። ከላይብረሪው ኋላ ጅብ ሲጮህ አዲሶቹ ተማሪዎች ደብተራቸውን ጥለው ሲሮጡ፣ እናንተ ነባሮቹ ገጽ ስትገልጡ። «ጂሲ ሆንኩ» ስትዪኝ በሽታ መስሎኝ ደንግጬ፣ ተመራቂ ማለት መሆኑን ስትነግሪኝ ስልኩን ለእናትሽ ሰጥቻት ደጅ ወጥቼ ዓይኔን ጠረግሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ ይመስለኛል፣ «ግቤ ስንወርድ ሁሌ አባቴ እዚያ ቁልቁለት ላይ ከመኪናው የሚወርድ ይመስለኛል» አልሽኝ። ያን ቀን አልቀለድኩም።

አባትሽ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ቤቱ ሁሉ «ክፍለ አገር ሄዷል» አለሽ። አመንሽ። ከትምህርት ቤት ስትወጪ መናኸሪያው በር ላይ ቆመሽ ከክፍለ አገር የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ ትጠብቂ ነበር። ማንም አላወቀም። አንድ ቀን ከጋራዥ ስወጣ እዚያ አገኘሁሽ፤ አንገትሽን አስግገሽ የሚወርደውን ሰው ፊት በፊት ታያለሽ። ምን ትሠሪያለሽ ስልሽ ነገርሽኝ። የግንብ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ እውነቱን የነገርኩሽ እኔ ነኝ። አላለቀስሽም። ቀሚስሽ ላይ ያለውን ጭቃ በጥፍርሽ እየፋቅሽ ብዙ ቆየሽና «ከእንግዲህ ሰው ሲሞት ሄደ እንዳትለኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። «ማርያምን በል» አልሽኝ። ማርያምን አልኩ።

እንግዲህ፣ ልጄ። ዱሬቲ አጠገብሽ ካለች እጇን ያዢ። እሷ ታውቃለች። አትቀየሚያት፤ አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ስልክ ደውዬ ስነግራት እንዳትሰሚያት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ነው ያለቀሰችው።

እናትሽ እንዳልኩሽ ፀበል አልሄደችም። አስካለማርያም ሞታለች።

ፋሲካን ደህና ውላ ነበር። ያንቺን ድርሻ ሥጋ ለብቻው አስቀምጣ «ብትመጣስ» ስትል፣ ልምምድ ላይ እንደሆንሽ እያወቀች ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ «ራሴን» አለችና ገመዱን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ደም ግፊቷ ነው ብለን ሐኪም ቤት ወሰድናት። አንድ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ነበር። አፏ ግን ደህና ነበር፤ የእሷ አፍማ ምን ይሆናል። አጠገቧ የቆመችውን ነርስ «የኔም ልጅ ሐኪም ናት» አለቻት። ልጅቷ የምን ሐኪም እንደሆንሽ ብትጠይቃት ትንሽ አሰበችና «የሁሉም» አለቻት። «የላም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ብናገረው ኖሮ ትስቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ትስቅ ነበር።

ማሪን ልጥራት ወይ አልኳት። «ተው» አለችኝ። «ፈተናዋን ትጨርስ። እኔ የትም አልሄድም።»

በማግስቱ ከቀትር በፊት አረፈች።

ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጃለታ ጓዳ ሰበሰቡን። ልጅቷ ሩቅ ናት፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለበትም አሉ። ስድስት ዓመት የለፋችበት ጫፍ ላይ ነው፤ ትጨርስ፣ ከዚያ አምጥተን በወግ እናረዳታለን። ክፉ ምክር አልነበረም። ሁላችንም ያደግነው በዚህ ነው፤ እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት ከሜዳ ተጠርቼ፣ በጎረቤት ክንድ ተይዤ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። እስከዚያ ማን ያናግራት ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ባምላኩ ይዋሽላት» አሉ እማማ የሺእመቤት። «ለሱ ቀላል ነው።»

ክፋት የለበትም። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ለጋሽ ጃለታ ነገ በሬዲዮ ስምዎ ይጠራል ብዬ ባትሪ ገዝተው ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ፊት ተጎልተው እንዲውሉ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ለጨዋታ የዋሸ ሰው ለቁም ነገር ሲዋሽ እንዴት እንደሚያመው ማን ያውቃል? እኔም አላውቅም ነበር።

በሣልስቱ ደወልሽ።

ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሰው ሞልቷል። አልቃሿ እናትሽን በስሟ እየጠራች፣ ሴቶቹ እየተቀበሏት፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ስምሽን አይቼ ተነሥቼ ቆምኩ። ማንሣቱን ትቼ ልወጣ ስል ጋሽ ጃለታ ማን እንደሆነ ከፊቴ አወቁና እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ደረቷን ልትመታ እጇን ያነሣችው ሴት እጇን አየር ላይ እንዳለ አቆመችው። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ የጎሰሩ ነበሩ።

«ጋሼ» አልሽኝ፣ «ዛሬ ጉድ አየን።»

ለልምምድ ገጠር ወስደዋችሁ ነበር። ላም ምጥ ላይ ሆና ጥጃዋ በኋላ እግሮቿ መጥታ፣ መምህራችሁ ወደ አንቺ ጠቁሞ፣ አንቺ እጅሽን እስከ ክንድሽ አስገብተሽ አወጣሻት። ባለ ላሙ ሽማግሌ ጥጃዋን በስምሽ ጠራት፣ ማርያማዊት ለአፉ ስላልተመቸው ማሪቱ አላት። ትንፋሽ ሳትወስጂ ነበር የምታወሪው። በመንገዱ ላይ ያያችሁትን ቡና፣ የጭነት መኪና ላይ ቆማችሁ መዝፈናችሁን፣ ሁሉንም። እኔም የሚጠበቅብኝን ማለት ነበረብኝ። ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ?

«እናትየዋስ?» አልኩሽ።

«እናትየዋም ተርፋለች። ቆማ ልጇን ትልሳት ነበር።»

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው የእኔ ሳቅ ብቻ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ጎረቤቶቿ ድምፅ ሳያሰሙ ይዘው አስቀመጧት።

ከዚያ «እማዬን ስጠኝ፣ ልንገራት» አልሽ።

«ፀበል ሄዳለች» አልኩሽ።

«ሄደች?» አልሽ። «ሳትነግረኝ?»

ሱባኤ ይዛለች፣ ተራራ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም አልኩሽ። በይ ደህና ዋዪ፣ ማሪቱን ሳሚልኝ ብዬ ዘጋሁት። ጋሽ ጃለታ እጃቸውን አወረዱ። ለቅሶው ከቆመበት ቀጠለ።

ያን ቀን ማርያምን ያልኩልሽን ቃል አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለመደብኝ ብልሽ አትመኚኝ። በቪዲዮ ስትደውዪ ጥቁር መልበሴን እንዳታዪ ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጠፍኩና ስልኬ ታወረ አልኩሽ። «አንተ ራስህ ታውረህ እንዳይሆን» ብለሽ ሳቅሽ። በደወልሽ ቁጥር መጨረሻ ላይ «ከፀበል ስትመለስ ለእማዬ ይህን ንገራት» ትዪኛለሽ። እኔም ስልኩን ስዘጋ ሄጄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እነግራታለሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን አደራ አልሽኛ። የምርቃቱን ጋዋን መለካትሽን ነግሬያታለሁ። ከምርቃትሽ ስትመለሱ ሁለታችሁ አብራችሁ ግቤ ላይ ወርዳችሁ ማንጎ እንደምትገዙ ነግሬያታለሁ። እሱን ስነግራት መጨረስ አልቻልኩም።

አሁን ስለ በሶው።

በሶሽ በየጊዜው ካልደረሰ ትጠረጥሪያለሽ ተባለ። እማማ የሺእመቤት ገብሱን እናትሽ እንደምትቆላው ቆሉት፤ እንደ እሷ አስፈጩት፤ ቀመስነው፣ ልዩነት የለውም። ጨርቁ ያው አቡጀዲ፣ ክሩ ከራሷ የክር ቆርቆሮ የወጣ ያው ቀይ ክር። ጋሽ ጃለታ ሳይቀሩ መጥተው ከረጢቱን ገላብጠው አዩት። ከመሄዷ በፊት አዘጋጅታ የተወችው ነው እንድልሽ ተስማማን። አፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፊው እኔ ነኝና ማን ሊሰፋ ነው።

በደረሰሽ ዕለት ማታ ደወልሽ።

«በሶው ደረሰ» አልሽ። ይጣፍጣል ወይ ስልሽ ይጣፍጣል አልሽ። ከዚያ ዝም አልሽ፤ የመስመሩ ችግር መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«በምላጭ ነው የከፈትኩት፣ ጋሼ።»

የበሶ ሌባ በዝቷል፣ እናትሽ አጥብቃው ነው አልኩና ወደ ጃንጥላዬ ዞርኩ፤ አንቺንም በሌብነት ከሰስኩ። አልሳቅሽም። እሺ፣ ደህና እደር ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ዝግ ነው። ዱሬቲን ስጠይቃት ፈተና ስለሆነ ነው፣ ላይብረሪ ነው የምትውለው አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለመዋሸቱ እረፍት ሆነልኝ።

ትናንት ጋራዥ የአንድ ሚኒባስ ወንበር ጨርሼ ክሩን ልቆርጥ ስል ስፌቱን አየሁት። ደርቦ የሚሄድ፣ በየመሃሉ የተቋጠረ፣ ስንት ሰው ቢቀመጥበት የማይፈታ። የእጄ ስፌት። እናትሽ እንዲህ አትሰፋም። እሷ የከረጢቱን አፍ ስትሰፋ የክሩን ጫፍ ትተወዋለች፤ አንዴ ሲስቡት ከዳር እስከ ዳር ተርትሮ ይፈታል። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ የዶርም ልጆች ተሰብስበው ማን ይሳብ እያሉ ዕጣ ትጥላላችሁ። መርፌውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ሰፊው፣ እማማ የሺእመቤት፣ ጋሽ ጃለታ፣ ሁላችንም ገብሱን፣ ጨርቁን፣ የክሩን ቀለም አየን። እጅን ማን አየ?

ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ያ ዝምታሽ የመስመር ችግር አልነበረም። ልጆቹ ዕጣ ሊጥሉ ከበው ቆመው፣ አንቺ ጫፉን ፈልገሽ ስታጪው ይታየኛል። «ለእማዬ ይህን ንገራት» ያላልሽበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነበር። እኔ ትናንት ነው ያስተዋልኩት። ብቻዋን አትስማ ብለን ያን ሁሉ ደክመን፣ ጅማ ላይ፣ ምላጭ በእጅሽ ይዘሽ፣ ብቻሽን እንድትሰሚ አደረግንሽ። ወይም ደግሞ አልገባሽም፤ የእኔ ፍርሃት ነው፤ በእርግጥም እያጠናሽ ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ሌሊቱን ሁለቱንም ስመኝ ነው ያደርኩት።

እነ ጋሽ ጃለታ ያሰቡት ይህ ነው። ከፈተና በኋላ እናትሽ ትንሽ አሟታል ብለን እንጠራሻለን፤ ዱሬቲ አብራሽ ትመጣለች፤ ሰበታ ዘመድ ቤት ታድሪያለሽ፤ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እኔ ግን ያ መንገድ እየታየኝ አልቻልኩም። ግቤን ለመጨረሻ ጊዜ ተማሪ ሆነሽ ስትሻገሪ፣ ለእናትሽ ማንጎ በመስኮት ስትገዢ። ያንን ማንጎ ሰበታ ላይ ማን ይቀበልሻል? ስለዚህ ከመሳፈርሽ በፊት እወቂ ብዬ ጻፍኩ። መንገዱን እያወቅሽ ተጓዢው። ግቤ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ማንም አይደውልልሽም፤ እዚያ እንደልብሽ አልቅሺ። እንዲህ መዋሸቴን ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር ለማለት ጊዜ እንዳለሽ አላውቅም፤ መጀመሪያ የምታለቅሺላት ሰው አለችሽ።

ስለ ራሴ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ቤቱ ውስጥ ቀልድ የምቀልደው ለማን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ጋራዥ ውስጥ ሰው ሲስቅልኝ ወደ ጓዳ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ጋራዥ ጓዳ የለውም። አስካለ ያልሳቀችበት ነገር ቀልድ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ለምርቃትሽ መምጣት አስቤ ነበር። ሙሉ ልብሴን አውጥቼ አየሁት። ከዚያ እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ እናቱን አቅፎ ፎቶ ሲነሣ፣ አንቺ አጠገብ እኔ ቆሜ፣ ምን ብዬ

በሩ ተንኳኳ።

እማማ የሺእመቤት አይደሉም፤ እሳቸው አያንኳኩም፣ ስሜን እየጠሩ ይገባሉ። ጋሽ ጃለታም የግቢውን ብረት ነው በከዘራ የሚደበድቡት። ይህ የቤቱ በር ነው። እንጨት በእንጨት ላይ፣ ቀስ ብሎ።

ማነው አልኩ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ውሃ ይገባል፤ ከጃንጥላ ጫፍ የሚወርድ ውሃ ነው፣ በአንድ ቦታ የሚንጠባጠብ።

እንደገና «ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ።»

ሌባ አላልሽም።

ማክሰኞ ገና ነው፣ ማርያማዊት። ፈተናሽ ገና ነው። ያ ሁሉ ዝም ያለ ድንኳን፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ለማክሰኞ ነበር። እስክርቢቶው እጄ ላይ ነው፤ እየጻፍኩ እስካለሁ በሩ እንደተዘጋ ነው፣ ለዚህ ነው የማላስቀምጠው። ጥቁር ለብሻለሁ። ልቀይር ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ድጋሚ አላንኳኳሽም። ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ፤ ያኔ መናኸሪያው በር ላይ እንደቆምሽው።

ጃንጥላዬን መልሰሽልኛል። ይህን ደብዳቤ ቢቂላ አይወስደውም።

እከፍትልሻለሁ። ሄዳለች አልልሽም፣ በአፌ እነግርሻለሁ። ማርያምን።

አጎትሽ ባምላኩ